«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በስልክ ገበያ አያዋጣም

ከመርካቶ እስከ ቦሌ ባሉ ሱቆች ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለዓመታት ተለጥፎ ኖሯል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» ይላል። ገዢው ዕቃውን በእጁ ዳስሶ፣ ለክቶና ተከራክሮ በሚገዛበት ሱቅ ማስታወቂያው ያን ያህል አያስቆጣም። ዕቃውን አይቶታልና ዓይኑ ካታለለው ጥፋቱ የራሱ ነው ይባላል። ችግሩ የመጣው ይኸው ማስታወቂያ ከግድግዳው ወርዶ ወደ ቴሌግራም ቻናል ሲገባ ነው። በዚያ ገበያ ዕቃውን አስቀድሞ ያየ ገዢ የለም። ገዢው ያየው ፎቶግራፉን ብቻ ነው።

በዚህ ገበያ ዘወትር ከሚገኙት ሸማቾች መካከል የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ይጠቀሳሉ። ጫማ፣ ቦርሳ፣ ልብስ፣ የፀጉር ቅባትና የውበት መጠበቂያ የሚሸጡ ባለ ቻናሎች ዕቃቸውን የሚመርጡት፣ ፎቶግራፋቸውን የሚያሳምሩትና የሚለጥፉበትን ሰዓት የሚወስኑት እነዚህን ደንበኞች አስበው ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴዎች ስለ ተማሪዎቹ ሲነጋገሩ የሚሰማው ወቀሳ ይበዛል። «ይጠይቃሉ እንጂ አይገዙም» ይባላል። «አዝዘው ስልካቸውን ይዘጋሉ»፣ «ዕቃው በር ላይ ከደረሰ በኋላ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ» የሚልም አለ።

ወቀሳው እውነት አያጣም። ምክንያቱን ግን አይናገርም። ተማሪዋ ደጋግማ የምትጠይቀውና የምታመነታው ገበያው ኪሳራውን ሁሉ በእሷ ላይ ስለጫነው ነው። ይህን ጫና ከፊሉን ወደ ራሱ የሚወስድ ነጋዴ ቢኖር የሚያተርፈው ራሱ ነው።

ትንሽ ገንዘብ፣ ብዙ ጥንቃቄ

የተማሪዋን አገዛዝ ለመረዳት መጀመሪያ ኪሷን ማወቅ ይጠቅማል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ወጣት የምግብና የመኝታ ወጪዋ በወጪ መጋራት ይሸፈናል። በእጇ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ቤተሰብ የሚልክላት ነው። «ነን ካፌ» ከሆነች ደግሞ ለምግብ የሚሰጣት ገንዘብ ይጨመርበታል። በግል ኮሌጅ የምትማረው ብዙውን ጊዜ ከቤተሰቧ ጋር ትኖራለች፤ አንዳንዷም በቀን እየሠራች በማታ ትማራለች። ሁሉም ዘንድ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የሚመጣውም በወር አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ላይ ለጫማ የወጣ 1,800 ብር በስህተት ከጠፋ የሚተካው የለም። ለነጋዴው አንድ የተበላሸ ሽያጭ ከብዙዎች አንዱ ሲሆን ለእሷ ግን የወሩን ወጪ የሚያናጋ ነው።

በዚህ የተነሳ ተማሪዋ በችኮላ አትገዛም። የወደደችውን ዕቃ ፎቶግራፍ በስልኳ ታስቀምጣለች። ያንኑ ዕቃ በሌሎች ቻናሎች ፈልጋ ዋጋውን ታነጻጽራለች። ከዚያም ፎቶግራፉን ለዶርም ጓደኞቿ ታሳያለች። ከመካከላቸው ከዚያ ቻናል ገዝታ የምታውቅ አንዲት ብትኖር ውሳኔው በእሷ አፍ ላይ ነው። «ይሄማ በጣም ስስ ነው» ካለች ሽያጩ ቀረ። «እኔ ከእሱ ነው የገዛሁት፣ ጥሩ ነው» ካለች ደግሞ ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ጊዜ ያዛሉ፤ የማድረሻውንም ሒሳብ ይካፈላሉ።

ደላሎች ይህን አሠራር በሚገባ ያውቁታል። በቤትና በመኪና ገበያ ሻጭና ገዢ የማይተማመኑበትን ክፍተት የሚሞላው ደላላ ነው። በስልክ ገበያ ይህን ሥራ የዶርም ጓደኛ ይዛዋለች፤ ለዚያውም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኮሚሽን። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ግን ይህንኑ ሥራ ወደ ገቢ ለውጠውታል። የባለ ቻናሉን ፎቶግራፍ ወስደው፣ በላዩ ላይ ጥቂት ብር ጨምረው ለሚያውቋቸው ይሸጣሉ። መጋዘን የላቸውም፣ ካፒታልም የላቸውም። ያላቸው የጓደኞቻቸው እምነት ነው፤ በዚህ ገበያ እጅግ የጠፋው ሸቀጥም እሱ ነው።

ዋጋው የት አለ?

ተማሪዋ ቻናሉን ስትከፍት መጀመሪያ የምታጣው ዋጋውን ነው። ፎቶግራፉ አለ፣ የስልክ ቁጥሩ አለ፤ ከሥሩ «ለዋጋ ኢንቦክስ» የሚል ተጽፏል። ነጋዴው ይህን የሚያደርገው ተወዳዳሪ ዋጋውን እንዳያይበት፣ ወይም ገዢዋ ከጻፈች በኋላ በንግግር ለማሳመን ነው። እሷ የምትረዳው ግን ሌላ ነው። ዋጋው እንደ ሰው እየታየ የሚነገር ይመስላታል። ብዙ ጊዜም አትሳሳትም። ሁለት ጓደኛሞች ስለ አንድ ቦርሳ በየራሳቸው ስልክ ጠይቀው የተለያየ መልስ ከተሰጣቸው ያ ቻናል በዚያ ዶርም አበቃለት ማለት ነው።

ነጋዴዎች ዋጋ ላለመጻፋቸው የሚያቀርቡት ሌላው ምክንያት የምንዛሪው ጉዳይ ነው። ምክንያቱ መሠረት አለው። መንግሥት በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ሽቶና የውበት መጠበቂያዎችን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ አድርጎ ነበር። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ክልከላው ሲነሳ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከጓንጁ፣ ከዱባይና ከኢስታንቡል ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ በእነዚያ ወራት በዛሬ ዋጋ ሸጦ በነገ ዋጋ መልሶ መግዛት እንዳቃተው የሚካድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ዋጋ መለዋወጡ ዋጋን ለመደበቅ በቂ ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ዋጋን ለመለወጥ ከሱቅ ይልቅ ስልክ ይቀላል። በሱቅ በየዕቃው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት መቀየር ያሻል። በቻናል ላይ አንድ መስመር ማስተካከል ይበቃል። «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ የሚጸና ነው» ብሎ መጻፍም ይቻላል። እንዲህ የተጻፈ ዋጋ ከፍ ቢል እንኳ ገዢዋ ትረዳዋለች፤ የማትረዳው ያልተጻፈውን ነው።

ቀብድ ወይስ ሲደርስ መክፈል?

ሁለተኛው ትግል በክፍያው ላይ ነው። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተከተለ በኋላ፣ ገንዘብ ማስተላለፍ ራሱ ችግር መሆኑ ቀርቷል። የባንኮቹ የሞባይል አገልግሎትም በተማሪዎች እጅ አለ። የቀረው ጥያቄ ማን ይቅደም የሚለው ነው። ነጋዴው «ሙሉውን ወይም ቀብዱን አስገቢና ይላካል» ይላል። ተማሪዋ «ሲደርሰኝ እከፍላለሁ» ትላለች።

ሁለቱም የየራሳቸው ፍርሃት አላቸው። ገንዘብ ከላኩ በኋላ ስልክ የተዘጋባቸው፣ ወይም ካዘዙት ሌላ ዕቃ የተላከላቸው ገዢዎች አሉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ነውና አንድ ጊዜ የተበላች ተማሪ ለሁለተኛው ቻናል ቀብድ አትሰጥም። በሌላ በኩል በኮምፒዩተር የተሠራ የክፍያ ማረጋገጫ ፎቶግራፍ ተልኮላቸው ዕቃቸውን ያስረከቡ ነጋዴዎች አሉ። በሞተር የተላከ ዕቃ ተቀባይ አጥቶ ሲመለስባቸው የደርሶ መልሱን ሒሳብ ከኪሳቸው የከፈሉም ጥቂት አይደሉም። የነጋዴውን ስጋት እንደ ስስት መቁጠር ፍትሐዊ አይሆንም።

ለመፍረድ የሚሻለው ሒሳቡን ማየት ነው። ለስሌት ያህል አንድ ጫማ በ1,400 ብር ተገዝቶ በ1,800 ብር ይሸጣል እንበል። ትርፉ 400 ብር ነው። ዕቃው ሳይወሰድ ቢመለስ ነጋዴው ለማድረሻ 300 ብር ይከስራል።

ነጋዴው ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ካልገባ አልልክም ቢል፣ ለማዘዝ ከፈለጉት አሥር ተማሪዎች አራቱ ብቻ ከፍለው ይወስዳሉ እንበል። የሚመለስ ዕቃ የለም፤ ትርፉ 1,600 ብር ነው። ሲደርስ መክፈልን ቢፈቅድና ከአሥሩ ሦስቱ በር ላይ ቢመልሱበት፣ ከሰባቱ 2,800 ብር አግኝቶ 900 ብር ይከስራል። በእጁ የሚቀረው 1,900 ብር ነው። ያማረሩት ሦስት ተመላሾች እያሉበት እንኳ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ይኸው ነጋዴ የጫማውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ጽፎ፣ ትክክለኛውን ቀለም በመስኮት ብርሃን በቪዲዮ አንስቶ ያሳይ። በር ላይ የሚመለሰው ከሦስት ወደ አንድ ቢወርድ ዘጠኙ 3,600 ብር ያስገኛሉ። ከዚህ ላይ ለአንዱ ተመላሽ 300 ብር፣ በኋላ «ጠበበኝ» ብላ ለምታስለውጥ አንዲት ገዢ ሌላ 300 ብር ይቀነስ። የሚቀረው 3,000 ብር ነው። ዕቃ መልሶ መቀበልን እንደ ኪሳራ የሚቆጥር ነጋዴ ከዚህ ስሌት የሚያየው ነገር ቢኖር፣ የሸሸው 300 ብር ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ እንዳስቀረበት ነው። ቁጥሮቹ እንደየዕቃው ይለያያሉ። ማንኛውም ባለ ቻናል የራሱን የአንድ ወር መዝገብ አውጥቶ በዚህ መንገድ ቢያሰላው የራሱን መልስ ያገኛል። መዝገብ ከሌለው ደግሞ የመጀመሪያው ችግር እሱ ነው።

የስልክ ቁጥሩ ነገር

ስለ ሴት ተማሪዎች ሲነሳ ነጋዴዎች እምብዛም የማያነሱት ሌላ ጉዳይ አለ። ዕቃ ያዘዘች ወጣት ስሟን፣ ስልክ ቁጥሯንና የምታድርበትን አካባቢ ለማታውቀው ሰው ሰጥታለች ማለት ነው። ዕቃው ከደረሰ ከቀናት በኋላ ከሻጩ ወይም ከአድራሹ ዘንድ ከንግድ ጋር የማይገናኝ መልእክት ወይም የምሽት ጥሪ የሚደርሳቸው አሉ። በዚህ የተነሳ የጓደኛቸውን ቁጥር የሚሰጡ፣ ከግቢው በር ራቅ ብለው ሰው በበዛበት ቦታ ለመቀበል የሚጠይቁ፣ ብቻቸውን የማይወጡም አሉ። ነጋዴው «አድራሻዋን በትክክል አትናገርም» ብሎ የሚያማርርባት ተማሪ ራሷን እየጠበቀች ሊሆን ይችላል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። የደንበኛ ስልክ ቁጥር ለዕቃ ማድረሻ ተብሎ የተሰጠ አደራ ነው። ለአድራሹ የደንበኛዋን ቁጥር ከመስጠት የነጋዴውን ቁጥር ለደንበኛዋ መስጠት፣ ካልሆነም ከርክክቡ በኋላ ቁጥሩን ማጥፋት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሴት አድራሾችን የሚያሠራ ወይም በግቢዎች አቅራቢያ ቋሚ መረከቢያ ቦታ የሚከፍት ነጋዴ ደግሞ ሌሎች ያልደረሱበትን ገበያ ያገኛል። በስድስት ኪሎና በአምስት ኪሎ አካባቢ ያሉ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ለዚህ ሥራ አመቺ ናቸው። ተማሪዋ በየቀኑ በደጃቸው ታልፋለች። ዕቃውን እዚያው ከፍታ፣ ለክታ፣ ካልሆነላት ትታው ትሄዳለች። ባለ ሱቁ በየርክክቡ አነስተኛ ክፍያ ያገኛል፤ ባለ ቻናሉም ከሞተር ደርሶ መልስ ይድናል።

ሕጉና ባለ ሱቁ

ባለ ሱቆች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያሰሙት አቤቱታ ሊታለፍ አይገባውም። ኪራይ ከፍለው፣ ንግድ ፈቃድ አውጥተው፣ ደረሰኝ እየቆረጡ ከሚሠሩት አጠገብ ያለ ፈቃድና ያለ አድራሻ የሚሸጡ ባለ ቻናሎች መኖራቸው ውድድሩን ያዛባል። ተማሪዋም ብትሆን ከዚህ አትጠቀምም። ደረሰኝ የሌለው ግዢ ሲበላሽ የምትከሰው ሰው የላትም።

ሕግ የለም ሊባል ግን አይቻልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ግዴታ አስቀምጧል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። እንግዲህ «አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ በሱቅም ቢሆን ለጎደለ ዕቃ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባውም ነበር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መልእክት የሚደረግ ስምምነት ሕጋዊ ዕውቅና እንዲኖረው አድርጓል። በቴሌግራም የተጻፈ «ቁጥር 38፣ ጥቁር፣ ቆዳ» የሚል ቃል ተራ ወሬ አይደለም፤ ውል ነው። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ የማይፈጽመውን አይጽፍም፤ የጻፈውንም ይፈጽማል።

ባለ ፈቃዱ ባለ ሱቅ በዚህ ረገድ ከባለ ቻናሉ የተሻለ አቅም አለው። ደረሰኝ አለው፣ አድራሻ አለው፤ ዕቃ ሲመለስለት የሚቀበልበት ጠረጴዛም አለው። ይህንኑ ጠረጴዛ ይዞ ወደ ስልክ ገበያ ቢገባ ከዱባይ ተራ በጅምላ አንስቶ በፎቶግራፍ ብቻ የሚሸጠው ተወዳዳሪ ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ይሰጣል። ያ ነገር «እዚህ ነኝ፣ ካልተስማማሽ አምጪው» ማለት ነው።

ባለ ቻናሎች ደግሞ ከየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. የሚማሩት አለ። በዚያ ወር ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለወራት ቆይተዋል። ንግዱ በአንድ ቻናል ላይ ብቻ የቆመ ሰው በአንድ ሌሊት ሱቁ ተዘግቶበት አድሯል። በፈቃዳቸው ቁጥራቸውን የሰጡትን ቋሚ ደንበኞች በመዝገብ የያዘ፣ አንድ መረከቢያ ቦታ ያለውና በስሙ የታወቀ ነጋዴ በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የሚያገኘው ደንበኛ ይኖረዋል። ከተከታይ ብዛት ይልቅ ተመልሳ የምትገዛ ደንበኛ የምትበልጠው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የምትመለሰው ደንበኛ

በዚህ ዘርፍ ገንዘባቸውን ለማዋል የሚያስቡ ባለሀብቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ሶፍትዌሩና ስለ ማስታወቂያው ነው። ከሁለቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የመመለሻው ሥርዓት ነው። ዕቃው በስንት ቀን ውስጥ ይለወጣል? የመልሱን ሒሳብ ማን ይከፍላል? የተመለሰው ዕቃ የት ይቀመጣል? ማንስ ይፈትሸዋል? እነዚህን በአንድ ገጽ ጽፎ ማስቀመጥ ያልቻለ ድርጅት ውብ ድረ ገጽ ቢኖረውም ከባለ ቻናሉ አይለይም። በእርግጥ ሁሉም ዕቃ ሊመለስ አይችልም። የተከፈተ ቅባት፣ የውስጥ ልብስና የጆሮ ጌጥ ለጤና ሲባል አለመመለሳቸው ተገቢ ነው። ይህም ቢሆን ከመሸጡ በፊት ከዋጋው አጠገብ መጻፍ አለበት።

ወሩ በሰኔና በሐምሌ የምረቃ ወቅት ሲሆን ይህ ሁሉ በግልጽ ይታያል። በዚያን ሰሞን ለሐበሻ ቀሚስ፣ ለጫማና ለቦርሳ ከተማሪዋ ኪስ ብቻ ሳይሆን ከእናትና ከአክስት ኪስ ጭምር ገንዘብ ይወጣል። የምረቃው ቀን ግን አንድ ነው። ከቀኑ በፊት የደረሰ ቀሚስ ጠቦ ከተገኘና ሻጩ «አይለወጥም» ካለ፣ ያቺ ተማሪ የሚቀርላት በሰው ቀሚስ መመረቅ ነው። የሻጩን ስም በዚያ ዶርም ቀርቶ በዚያ ባች የማትሰማ ተማሪ አትኖርም። በተቃራኒው ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ሰፋ ያለውን ለውጦ የላከ ሻጭ ከእሷ በታች ያሉትን የሦስተኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ያለ ማስታወቂያ ያገኛቸዋል።

እነዚህ ተማሪዎች ነገ የባንክ ሠራተኞች፣ ሐኪሞች፣ መምህራንና ነጋዴዎች ናቸው። ዛሬ በ1,800 ብር ጫማ የሚፈትኑት ነጋዴ ነገ የቤት ዕቃ የሚገዙበት ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያውን ከሱቁ ግድግዳ ላይ ለማውረድ የሚያመነታ ነጋዴ ቢኖር ቢያንስ ከቻናሉ ላይ ያውርደው። ዕቃው ካልተመለሰ ደንበኛዋም አትመለስም።